ቀበሮዋን የገደልኩበት ጠዋት

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት አስታምም ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት መውጣት እርግፍ አድርገው ትተዋል። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ የፖቶማክን ወንዝ እሻገራለሁ።

ያን ቀን ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መኪናዬ በሕልም የምትንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ከሃይዌዩ ወርጄ ዛፍ የበዛበት የሰፈር መንገድ እንደገባሁ አንድ ቀይ ነገር ከፊቴ ውልብ አለ። ፍሬን ያዝኩ፤ ግን ዘገየሁ። ትራስ ወለል ላይ የወደቀ ያህል ድምፅ ሰማሁ።

ወርጄ ሳይ ቀበሮ ናት። ጭራዋ ላይ ጤዛ አለ፣ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ትንፋሽ ግን የላትም። ወደ ሳሩ ወስጄ አስተኛኋትና ረፍዶብኝ ስለነበር ሄድኩ።

ቁርስ ሳቀርብ ወተቱን ትሪው ላይ ስደፋው አሮጊቷ አዩኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ቀበሮ ገጨሁ። ሞተች።»

የሻይ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ቨልፒሳይድ» አሉ።

እዚህ አገር ስኖር ስንት ዓመቴ፣ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። አስደገምኳቸው።

«ቀበሮን በውሻ ከማደን ሌላ በማንኛውም መንገድ መግደል ነው። ባደግኩበት ገጠር ጌቶቹ በፈረስ ሆነው፣ ውሾች አሰማርተው ሲገድሏት ክብር ነበር። ገበሬ በጥይት ወይም በመርዝ ከገደላት ግን ነውር ነው። ገዳዩም በዚሁ ስም ይጠራል።»

«ለቀበሮዋ ምን ልዩነት አለው?» አልኩ።

ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንዲት ቀበሮ ዶሮዎቻችንን ስትጨርስበት አባቴ መርዝ አስቀመጠላት። መንደሩ አወቀ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አጠገባችን የሚቀመጥ ጠፋ። ያን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከኋላችን ሲያንሾካሹኩት ነው፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ።»

ስኒውን ገፋ አደረጉና «ቀበሮዋን የት ተውሻት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ውሰጂኝ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ ካፖርታቸውን ፈጥኜ አለበስኳቸው።

ስንደርስ ጉሙ ገና አልገፈፈም፤ ቀበሮዋም እዚያው ናት፣ የተኛች ትመስላለች። መኪናዬ ኋላ ሣጥን ውስጥ በረዶ የምጠርግበት አካፋ ነበረኝ። መሬቱ በዝናብ ርሶ ስለነበር መቆፈሩ አላስቸገረኝም። እሳቸው የመራመጃ ዎከራቸውን ተደግፈው፣ አፈሩን መልሼ እስክጨርስ ቆሙ።

«ያቺን ቀበሮ አባቴ የቀበራት ብቻውን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከፎቁ መስኮት ሆኜ አየው ነበር። ወርጄ አጠገቡ ልቆም ፈለግኩ፤ ግን አፈርኩበት።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ በረዶ ሆኗል። መኪና ውስጥ አስገብቼ ማሞቂያውን ከፈትኩላቸው።

«ወደ ቤት ልመልስዎት?»

«ቆይ» አሉ። «እስቲ ወንዙን አሳዪኝ።»

ፖቶማክ ዳር መኪናዬን ወደ ውሃው አዙሬ አቆምኩ። ውሃው ቀስ በቀስ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ አብረን ከቤት እንወጣ ነበር።