ዳማ ውሃ የምትጠጣበት ቦታ

ይህ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬ ዘጠናን አልፌያለሁ፤ የትናንት ራቴን እረሳለሁ፣ ይህን ግን አልረሳሁትም። ባለፈው እሁድ ደግሞ የልጅ ልጆቼ ቀሰቀሱብኝ።

ሁለቱ ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጥተው በኤሌክትሪክ መኪና ይከራከራሉ። አንዱ «የእኔ ቶሎ ቻርጅ ታደርጋለች» ይላል። ሌላው «የእኔ አንዴ ከሞላች ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ትመጣለች፤ ያንተዋ የዓባይን ዳገት ሳትጨርስ ነው የምትቆመው» ይላል። ትንሽ በልታ ብዙ የምትሄደው የማናቸው እንደሆነች ሲባባሉ ቆዩና፣ አንዱ «ለመሆኑ መንገድ ላይ የት የት ነው የምትቆመው?» አለው። ሳላስበው «እንዳትነግረው!» ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። ጃጀች ብለው ይሆናል፤ ይበሉ።

አገራችን ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው። አባቴን ሲያዩት አራሽ ነው። ግን አልፎ አልፎ በሶና ጥሬ በበቅሏችን ጭኖ፣ ዓባይ በረሃ ላሉት አርበኞች ያደርስ ነበር። ለሰው «ገበያ ልሄድ ነው» ይላል። በቅሏችንን ዳማ እንላታለን። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ጠዋት ማታ ታስጠነቅቀኛለች።

አያ ይግዛው የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነበር። የታናሽ ወንድሜ የክርስትና አባት፣ የአባቴ አበልጅ ነው። እኛ ዘንድ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልለውም።

በቅሎ ማወዳደር ይወዳል። «ቶሎ በልታ ትጠግባለች ወይ? ስትጠግብስ የት ድረስ ትሄዳለች? ለምትሄደው ምን ያህል ትበላለች? በዚህ ነው በቅሎ የምትመዘን» ይል ነበር።

አንድ ቀን አባቴ እርሻ፣ እናቴ ወንዝ ሄደው ሳለ አያ ይግዛው ግንባረ ነጭ ቦራ በቅሎውን ይዞ መጣ። «ነይ እስቲ፣ የማን እንደምትበልጥ እንይ» አለኝ። እኩል ገብስ ሰፍረን በሁለት ገበቴ አቀረብንላቸው። የእሱዋ ጠራርጋ ስትጨርስ ዳማ ገና ታላምጣለች።

«አየሽ? የእናንተዋ በልታ እስክትጨርስ የእኔ ደብረ ማርቆስ ትደርሳለች!» ብሎ ሳቀ።

እንዴት ተናደድኩ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። «የእኛ ብትዘገይም ሩቅ ትሄዳለች! ጭነት ተሸክማ፣ ውሃ ሳትቀምስ፣ ሾላው ምንጭ ድረስ ትሄዳለች!» አልኩት።

«ወግጂ! ውሸትሽን ነው። ማን አየ?»

«አባቴ ነዋ! ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይደርሳሉ። ሌላ ቦታ ቢያቆማትም አትጠጣም፤ እዚያ ብቻ ነው።»

የዳማን ጀርባ ዳበስ አደረገ። «በይ ተሸነፍኩ፣ የእናንተዋ ትበልጣለች» አለና ከኪሱ አንድ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ከረሜላ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የበቅሎ ነጋዴ ከረሜላ ከየት አመጣ ብዬ የምጠይቅበት ዕድሜ አልነበረም። ደስ ብሎኝ በላሁት። ወረቀቱ ስለሚያብረቀርቅ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

በሚቀጥለው ጉዞ አባቴ አልተመለሰም። እንጨት ስትለቅም ያየች ሴት መጥታ ነገረችን። ባንዶች ከጠዋት ጀምረው ሾላው ሥር ተቀምጠው ጠበቁት። ዳማ ልትጠጣ አንገቷን ስትደፋ ከበቡት። ደብረ ማርቆስ ወስደው ሰቀሉት፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «የሚያርፍበትን ማን ነገራቸው?» ይላል። ይግዛው መጣ። እንደ እሱ ያለቀሰ አልነበረም። «አበልጄን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይደቃል፣ ታናሽ ወንድሜን አቅፎ ይንሰቀሰቃል። ሲወጣ በእኔ በኩል አለፈና እጄን ጨበጥ አድርጎ አንድ ነገር አስያዘኝ። ከረሜላ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ልጅ ብሆንም ገባኝ። ዘልዬ ፊቱን ብቧጭረው በወደድኩ። ግን ምን ብዬ? የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከረሜላው እጄ ውስጥ ሟሙቶ ተጣበቀ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ጣልያን ወጣ። ይግዛውም «አርበኛ ነበርኩ» አለ፤ ሰዉም አመነው። አይ የሰው ነገር! በየበዓሉ ከፊት ይሰለፍ ነበር። ቤታችንም መምጣቱን አልተወም። እናቴ እግሩን ታጥበዋለች፣ የተሻለውን ወጥ ታቀርብለታለች፣ ታጎርሰዋለች። እኔ ጓዳ ገብቼ እንቃጠላለሁ። ምንም አታውቅም እያልኩ አዝንላት ነበር። እሱ ተከብሮ ኖሮ ተከብሮ ተቀበረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ በጠና ታመመች። ሳልነግራት እንዳትሄድ ብዬ «እማዬ፣ አባቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ፈልጋ ያዘች። «የከረሜላውን ወረቀት ያን ሰሞን ልብስሽን ሳጥብ አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። «ከእሱ በቀር ማን ቤታችን መጥቶ ነበር?»

«ታዲያ እያወቅሽ ነው ስታጎርሺው የኖርሽው?»

«ብጣላው፣ ሰው ምን ነካቸው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሲጠይቅ ሲጠይቅ ደግሞ አንቺ ላይ ይደርሳል» አለችኝ።

ንስሐ አባቴ ይቅር በዪ ይሉኛል። ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። በእናቴ እጅ እየጎረሰ ያረጀውን ሰው ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።