የስንዱን ሐሳብ «የኔ ነው» አልኩ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ንፋስ መውጫ ላይ የአንዲት ትንሽ ሙዚየም ኃላፊ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሞፈሩም ቀንበሩም መስታወት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ጎብኚው አንዴ ዞሮ ይወጣል። «የዓመቱን ዝግጅት ከወጣቶች ጋር አቅዱ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሲደርሰኝ ዘጠኝ ተማሪዎች ጠራሁ። እውነቱን ልናገር? የጠራኋቸው ለፎቶ ነው። ዕቅዱን ቀድሜ ጽፌው ነበር።

ስንዱ ተነሣች፤ ከስማዳ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ መንሹን ቆልፈንበት ማን ያውቀዋል? እናውጣውና ገበሬዎች መጥተው ያሳዩን። እኛም እንሞክር።»

ሌሎቹ ሐሳቧን ተቀባበሉት። አንዱ ውቂያ፣ አንዷ ፈትል እያሉ አንድ ወረቀት ሞሉ። ያን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ «እኔ ያሰብኩት» ብዬ አነበብኩት። እኔ! አንዲት መስመር ያልጨመርኩበት እኔ።

ቀኑ ደረሰ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ግቢው አውድማ ሆነ። የስንዱ አባት አያ ደሴ ከስማዳ መጥተው፣ መንሹን አንሥተው የውቂያ ዜማ ሲያወጡ ተማሪው ሁሉ ተቀበላቸው። መምህራኑ ገለባ ለበሱ። ከላይ የመጡት ባለሥልጣንም ኮታቸውን አውልቀው፣ መንሽ ይዘው ገለባውን ወደ ላይ ሊበትኑ ገቡ።

«ኧረ ነፋሱን ይጠብቁት እንጂ፣ ጌታው!» ብለው አያ ደሴ ሲቆጧቸው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

በመጨረሻ ባለሥልጣኑ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ስንዱ አጨበጨበች። «የልጆቹ ነው» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ዝም አልኩ። አራት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ስንዱ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ልትጠይቀኝ ብቅ አለች። ያኔ ነገርኳት።

«አውቃለሁ እኮ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «ተናድጄም ነበር። ግን አባዬ ተማሪ ሲያስተምር አየሁት፤ ደስታው ንዴቴን ዋጠው።» ቀጥላም፣ «ለኔስ ነገሩኝ። ለሌሎቹ ስምንትስ?» አለችኝ።

የአንዳቸውንም ስም አላስታወስኩም። ከሰረቅሁት ይልቅ ይሄ አሳፈረኝ።

ስማቸውን ስንዱ ጻፈችልኝ። እየዞርኩ ስድስቱን አገኘሁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ሆኗል፤ ስነግረው መንገድ መሐል አቁሞ አቀፈኝና «ግባ ጋሼ፣ ቤትህ ላድርስህ» አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ምሕረታቸው ግን ጥፋቴን ትንሽ አያደርገውም። ያላገኘኋችሁ ሁለት ልጆች፣ የትም ብትሆኑ፣ የሰረቅኋችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። ዘንድሮም ግቢያችን ውስጥ እህል ይወቃል፤ ብትቆጡኝም ኑ።