በር ዘግተን የበላነው

ባለፈው ሳምንት የቤታችንን ጣሪያ አስቀየርን። ዝገት የበላው አሮጌው ቆርቆሮ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተደርድሯል። ባለቤቴ ብርቄ የልብሷን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ፣ ገዢ እንፈልግለት አለችኝ። ሳቅ ጀመርኩና መሃል ላይ ተውኩት። ያ ቆርቆሮ እንዴት እንደመጣ ትዝ አለኝ።

ከወለጋ አሶሳ ስንገባ ገና አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። አንዲት ክፍል ተከራየን፤ የራሳችን ጣሪያ እስኪኖረን እጃችንን ላንፈታም ተማማልን። በማንጎ ወቅት ምሳችን ማንጎ ነበር። ክረምቱን በዚያ ቀይ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ባጃጅ የሰነፍ ነው እል ነበር። ብርቄ ደግሞ ሽሮዋን ውኃ እስኪመስል ታቀጥነዋለች። እውነቱን ልናገርና ቁጠባው ያፋቅረን ነበር። ሌሎች ጎጆ ወጪዎች ስለ ፍቅር ሲያወሩ እኛ ስለ ምስማርና ቆርቆሮ እናወራለን፤ እሱም ይጥማል።

ታዲያ አበዛነው። በሰፈራችን ማዕድ ሲቀርብ በር አይዘጋም፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ "ና እንብላ" ይባላል። እኛ ለእንግዳ የምትሄደው ጉርሻ ቆጨችንና ራት ሲደርስ በሩን እንቀረቅር ጀመርን።

ጎረቤታችን እማማ አሻ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተው በሳር ጎጇቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጓሮ ያለችው ማሽላና ባሚያ ናት መተዳደሪያቸው። ማሽላቸው በገባ ሰሞን አንድ ቁና ሙሉ ተሸክመው መጡና፣ ዓይናችንን ላለማየት አቀርቅረው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው ብርቄን እንዲህ አሏት፤

"ልጄ፣ በር አትዝጋ። ምግብ የለም፣ ነውር አይደለም። ይሄ ሰደቃ ነው፤ ብላ።"

ክው አልን። አለን እንዳንል፣ ታዲያ በሩን ለምን ትዘጋላችሁ ሊሉን ነው። ብርቄ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ "እግዜር ይስጥልን" ብለን ተቀበልን። ይባስ ብሎ በላነው። የዚያን ጊዜ ከእህል የተረፈን ገንዘብም ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

ቤቱ አልቆ ለምርቃት ስንጠራቸው መጡ። ቀና ብለው የሚያብረቀርቀውን ጣሪያ ብዙ ቆይተው አዩት። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እንግዳው ሲበተን ያዘጋጀሁላቸውን አንድ ጆንያ ማሽላ አቀረብኩ። በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"እኔ ለአላህ ሰጠሁ፤ ከአንተ አልቀበልም" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ አሻ ካረፉ ቆዩ። እኔ ግን ዛሬም ጎጇቸው በነበረበት በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

ብርቄን፣ ቆርቆሮውን አንሸጥም፣ ለቸገረው ሰው እንሰጠዋለን አልኳት።

"ለማን?" አለችኝ።

አሰብኩ፤ ከሰፈራችን አንድ ሰው እንኳ መጥራት አቃተኝ። እሳቸው ተሳሳቱም አልተሳሳቱ፣ የጎረቤታቸው በር መዘጋቱን አይተው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር የማን በር እንደተዘጋ አላየሁም።