ያልተዳሰሰው ግራ ክንድ

እልፍነሽ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ ዴር ግባር በተባለው የሀብታሞች ሰፈር የቪላዎች ወለል ስታጸዳ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ትሁን እንጂ፣ በከተማው ሐበሾች ዘንድ የምትታወቀው በወጌሻነቷ ነበር። እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀበት ሁሉ እልፍነሽ ጁበይሃ ሰፈር ወደ ተከራየቻት ጠባብ ክፍል ይመጣ ነበር። ሙያውን ያወረሷት አባቷ አንዲት ሕግ አጥብቀው አስተምረዋታል፦ የታመመውን ክንድ ከማሸትሽ በፊት ጤነኛውን ዳስሺ፤ በሁለቱም ያገኘሽው ነገር ተፈጥሮ ነውና አትንኪው።

በኮሮና ወረርሽኝ መባቻ፣ መኪና በታገደበት ሰሞን፣ እንደ እሷው የቤት ሠራተኛ የሆነችው ዓለምነሽ ስዌይለህ ከተባለው ሰፈር በእግሯ መጣች። ልብስ መጭመቅ ያደከመው ቀኝ ክንዷ ከክርኑ በታች ያማታል፤ ከቆዳው ሥር ጕብታ ይዳሰሳል። ሐኪም ቤቶች ከድንገተኛ በሽተኛ በቀር አይቀበሉም ነበር።

«እትዬ፣ ቶሎ በይልኝ፤ የሰዓት እላፊው ሳይረን ሳይጮኽ ልመለስ። ፖሊስ ከያዘኝ የምጠራው አንቺን ነው!»

«ዝም በይ፣ ለፍላፊ! ሥር ተቋጥሮብሽ ነው።»

እልፍነሽ ቸኮለች። ግራውን ሳትዳስስ ቀኙን ቅባት ቀብታ አሸች፤ ጕብታውንም በአውራ ጣቷ ደፍጥጣ ተጫነችው። ዓለምነሽ እየጮኸች ሳቀች።

ሳምንት ሳይሞላ የዓለምነሽ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መገጣጠም ተሳናቸው። መርፌ ማንሣት፣ ቁልፍ መቆለፍ ቀረ።

ሐኪም ቤቱ በሩን ሲከፍት እልፍነሽ አብራት ገባች። ሐኪሙ ጕብታው አብሯት የተወለደ ትርፍ ጡንቻ መሆኑን ነገራቸው። እንዲህ ያለው ጡንቻ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ የዓለምነሽ ግን ጣቶቿን በሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ላይ አልፎ ተጭኖታል።

«ያሸኋት እኔ ነኝ» አለች እልፍነሽ በዐረብኛ። «ያባስሁት እኔ ነኝ?»

«ሊሆን ይችላል። ባታሺያትም ነርቩ ሊደክም ይችል ነበር። ለይቼ ልነግርሽ አልችልም።»

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ጣቶቿ ግን አልታዘዙም። ማዳሟም በአንድ እጅ የምትሠራ ሠራተኛ አልፈለገችም። ወደ አገር ቤት በረራ በተፈቀደ ጊዜ ሻንጣዋን ያሰረችላት፣ የካፖርቷን ቁልፎች የቆለፈችላት እልፍነሽ ናት።

«አታልቅሺ እንጂ እትዬ! ቀኝ እጄ እንደ ማዳም ሆኖ ዐረፈ፤ ሥራ ጠላ» አለች ዓለምነሽ።

እልፍነሽ አልሳቀችም። «ግራሽን ስጪኝ» አለቻት።

እጅጌዋን ሰብስባ ከክርኗ በታች በስሱ ዳሰሰች። እዚያም ነበረ፤ ያው ለስላሳ ጕብታ፣ በዚያው ስፍራ፣ ሕመም የሌለው።

«ምን አገኘሽ?»

እልፍነሽ እጅጌዋን ወደ ታች መልሳ፣ የቀረችውን አንዲት ቁልፍ ቆለፈችላት።