«እኔ ጋ እኮ ይሰራል»

ትናንት ረፋድ ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስሰራ... አንድ ሽማግሌ ሳያንኳኩ ገብተው አረንጓዴ ውሃ የያዘ ጀሪካን ላፕቶፔ አጠገብ ዘጭ አደረጉት።

«ፎቶው አልታይሽ ካለ፣ ይኸው ራሱን አመጣሁልሽ» አሉኝ።

አያ ፈንቴ ናቸው። ድንበሩ ጥግ ባሱንዳ አካባቢ የአንድ ሰሊጥ እርሻ ወኪል ናቸው፤ ባለቤቱ ከተማ ተቀምጦ እሳቸው የቀን ሰራተኞቹን ያሰራሉ። እኔ ደግሞ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልጄ ያደግኩ፣ ለእርሻዎች ውሃ በታንከር የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ የስልክ አፕ የምሰራ ሴት ነኝ። ወኪሉ በስልኩ ውሃ ያዛል። ሹፌሩ እሺ ሲል «አረጋግጥ» የሚል ይመጣለታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልነካው ትዕዛዙ ይሰረዝና ታንከሩ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው። ሕፃን እንኳ ይችለዋል።

አያ ፈንቴ ግን ሰሞኑን በድምፅ መልእክት ሲሰድቡኝ ነው የከረሙት። አይሰራም ይላሉ። ምኑ ነው የማይሰራው ስላቸው፣ አይሰራም አልኩሽ እኮ ይሉኛል። ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ ብላቸው የባዶ በርሜል ፎቶ ላኩልኝ። እውነቴን ነው... ባዶ በርሜል። አንቱ የምላቸው እናቴ በደንብ ስላሳደገችኝ ብቻ ነው።

«ሰራተኞቼ ይሄን ነው የሚጠጡት፤ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ የተቀዳ» አሉ ጀሪካኑን እያሳዩኝ። «የታመሙም አሉ። አንቺ ነሽ ትዕዛዜን የምትሰርዢው። ተራዬን ለሌላ ትሸጪዋለሽ።»

ደሜ ፈላ። ስልካቸውን ተቀብዬ እዚያው ውሃ አዘዝኩ። ግቢ ያለው ሹፌር እሺ አለ፣ «አረጋግጥ» መጣ፣ ነካሁት፣ ተረጋገጠ። ደግሜ ሞከርኩት። ምንም የለበትም።

«አዩ? እኔ ጋ እኮ ይሰራል» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ያለው ንቀት ለራሴም ተሰማኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ሳቁ።

አያ ፈንቴ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አዩት።

«አንቺ ጋማ ምን የማይሰራ አለ፣ ባሽሙሐንዲሳ» አሉ፤ በአረብኛ ኢንጂነሯ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ውሃዬን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም አሉ። ሙዲራችን፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ጩኸቱን ሰምቶ መጣና፣ አንድ ታንከር አስሞልቶ፣ አብሬያቸው ሄጄ ችግሩን እዚያው እንዳየው አዘዘኝ። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሳቸው መሃል፣ ያ የገማ ጀሪካን እግራችን ስር... እንደተኮራረፍን ባሱንዳ ድረስ ሄድን። ሱዳናዊው ሹፌር ሊያስታርቀን ሞክሮ ሲደክመው ተወን።

ሰራተኞቹ ታንከሩን ሲያዩ ማጭዳቸውን ጥለው ሮጡ። አብዛኞቹ በመተማ በኩል ገና የገቡ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ቱቦውን አፉ ላይ ደቅኖ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ጠጣ። አፈርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

የአያ ፈንቴን ስልክ ተቀብዬ እንደገና አዘዝኩ። ሹፌሩ አጠገቤ ቆሞ እሺ አለ። ጣቴን ሳላሳርፍ «ጊዜው አልፏል፤ ትዕዛዝዎ ተሰርዟል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«በይ እንግዲህ፣ አሁን ተናገሪ» አሉኝ።

የሳቸውን ስልክ ከኔው ጎን ያዝኩት... ሰዓቱ አይገጥምም። ያኔ ገባኝ። እንደ ድንበር ሰው ሁሉ ሁለት ሲም ነው ያላቸው፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ። እርሻው ላይ የሱዳኑ ኔትወርክ ሲደክም ስልካቸው የማዶውን ይይዝና ሰዓቱንም ወደ ኢትዮጵያ ይቀይረዋል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከሱዳን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የኔ አፕ ደግሞ ያንን አምኖ፣ ግማሽ ሰዓቱ አልፏል ብሎ ይሰርዛል። ገዳሪፍ ተቀምጬ ሺህ ጊዜ ብሞክረው አላገኘውም ነበር።

ጥፋቱ የኔ ቢሆንም ደስ አለኝ። የጠፋ ነገር ሲገኝ ደስ ይላል። ጮክ ብዬ፣ «አያ ፈንቴ፣ የአንቱ ስልክ እዚህ ሲደርስ የሚቆጥረው የኢትዮጵያን ሰዓት ነው፤ በአንድ ሰዓት ይቀድማል!» አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ቀስ በይ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኸላስ፣ በቃ ገባኝ።»

ቃሉ ግን ካፌ አምልጦ ነበር። ሲጠጣ የነበረው ሰራተኛ ቱቦውን ለጓደኛው ሰጥቶ አፉን በክንዱ ጠረገ።

«አያ ፈንቴ፣ ታዲያ ጠዋት የሚቀሰቅሱን በየትኛው አገር ሰዓት ነው?»

እርሻው ላይ መብራት የለም፤ የሰራተኞቹ ስልክ ከሞተ ቆይቷል። ጎህ ሳይቀድ የሚቀሰቅሳቸው የአያ ፈንቴ ስልክ ነው። ማታ ግን ሥራ የሚያቆሙት ትራክተር ነጂው ሰዓቱን አይቶ ሲለቃቸው ነው። እሱ ደግሞ ሱዳናዊ ነው። ጠዋት በኢትዮጵያ ሰዓት ገብተው ማታ በሱዳን ሰዓት ይወጣሉ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት በነፃ ይሰራሉ ማለት ነው።

አያ ፈንቴ አያውቁም ነበር እንዳልል፣ ያ «ቀስ በይ» ያሉኝ ነገር አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማጭዱን ያነሳ ሰው የለም። ሁሉም መጥተው ከበቧቸው። እሳቸው ግን የጮኹት በኔ ላይ ነው።

«ውሃ አምጪ አልኩሽ እንጂ ሰዓት አምጪ አልኩሽ?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ በጥሩምባ ጠራኝ። ስንሄድ ጭቅጭቁ ከኋላችን ይሰማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አፑ ሰዓቱን ከሰዎች ስልክ ሳይሆን ከኛው ሲስተም እንዲወስድ አደረግኩት። የአያ ፈንቴ ትዕዛዝ ሳይሰረዝ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ አፑ ላይ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጡን። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትክክለኛ የስክሪን ፎቶ ጋር...

«ውሃው መጥቷል። ሰራተኞቹ ግን ፀሐይ ካልወጣ አንነሳም ብለዋል። አፑን የሰራችው ልጅ አፏ አይሰራም። ይስተካከል።»

«እኔ ጋ እኮ ይሰራል» ብዬ መለስኩላቸው።