ሸክም ነው፣ መንገድ!

መርካቶ ውስጥ ለመኪና ብሎ ደንግጦ መንገድ የሚለቅ ሰው አላየሁም። ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ፣ መብራት ቢያበራ፣ አንገቱን አውጥቶ ቢሳደብ፣ ማን ሊሰማው! ሰው የጀመረውን ወሬ ጨርሶ፣ የያዘውን ዕቃ ዋጋ ተከራክሮ፣ ደስ ሲለው ነው ፈቀቅ የሚለው። ኩሊ ግን ከኋላ መጥቶ «ሸክም ነው፣ መንገድ!» ካለ፣ ሁሉም ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ይከፈትለታል። ቱጃሩ ነጋዴ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መኪና ፍሬን አለው፣ ቆሞ መነሳት አይከብደውም። ጆንያ የተሸከመ ሰው ግን አንዴ ከቆመ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህን ሕግ ያወጣው የለም፣ የሚጥሰውም የለም።

እኔ በዚህ ሕግ ደስ ይለኝ ነበር። ደርግ ወድቆ ንግዱ ትንሽ ተንፈስ ባለበት ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ሲኒማ ራስ አጠገብ ጨርቅ እንሸጥ ነበር፤ ከቤት ሱቅም በእግሬ ነበር የምመላለሰው። በሰው መሀል ሹልክ ሹልክ እያልኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ፣ የሽንኩርቱን ዋጋ እየጠየቅሁ ሳላስበው እደርሳለሁ። ያ መንገድ ለእኔ ጨዋታ ነበር።

ባለቤቴ ግን አንድ ቀን አሮጌ ኮሮላ ገዝቶ መጣ። ወይ ጉድ! ያቺን መኪና እንደ ሙሽራ ነው የያዛት። ጠዋት ጠዋት ይወለውላታል፣ በሯን ጠንከር አድርጌ ከዘጋሁ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ያችኑ አጭር መንገድ በመኪና ካልሄድን ብሎ ይጨቀጭቀኛል። ሰው መሀል ገብቶ ሲቆም እኔ ወርጄ በእግሬ እቀድመውና፣ ሱቁን ከፍቼ ጨርቁን ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ። «የት ቆየህ?» ስለው ይናደዳል። አንድ ነገር ግን አልወድለትም ነበር። ኩሊዎች ሲያልፉ ፊቱን ያዞራል። ጥቂት ብር ስላገኘ የናቃቸው መስሎኝ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ።

በዚህ መሀል አረገዝኩ። የመጀመሪያ ልጄ ምጡ ረዝሞብኝ ቤት ውስጥ ሞቶ ነበር የተወለደው፤ ስለዚህ ሐኪሙ አሁን ምጥ ሲጀምርሽ አንዲት ደቂቃ እንዳትቆዪ፣ ቀጥታ ነይ ብሎኛል። የመውለጃዬ ወር ገብቶም ቢሆን ቤት መቀመጥ ስለማልችል ሱቅ ውዬ ነበር። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ወገቤን ቆረጠኝ። ከጎናችን ቅመም የሚሸጡት እትዬ ፊቴን አይተው፣ ይሄማ ምጥ ነው ብለው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ባለቤቴ ደገፍ አድርጎ መኪናው ውስጥ አስገባኝ፣ እትዬም ከኋላ አብረውኝ ገቡ።

የመርካቶ ሰው ዓርብ ቀትር ላይ በአንዋር መስጊድ በኩል መኪና ይዞ አይገባም። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የእኔ ጉድ ግን ከድንጋጤው የተነሳ ቀኑን ረስቶ ሰተት ብሎ ገባ። ሰጋጁ ገና ምንጣፉን እየጠቀለለ ከመንገዱ እየተነሳ ነው፣ ገበያተኛው ከዚህም ከዚያም ይጎርፋል፣ ኋላችን ደግሞ ሚኒባሶች ተደርድረዋል። ወደፊትም ወደኋላም የለም። ባለቤቴ ጡሩምባውን ተጭኖ ያዘው። አንድ ሰው እንኳ ዞር አላለም። እኔ ሕመሙ ሲመጣ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ፋታ ሲሰጠኝ ባሌንም ኮሮላውንም እራገማለሁ። በሆዴ ግን ያ የሞተው ልጄ ነበር የሚታየኝ፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

እወርዳለሁ አልኩ። ዋናው አስፋልት ላይ ከደረስኩ ታክሲ አላጣም። እትዬም መራመዱ ለምጥ ደግ ነው አሉና ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። ባለቤቴ አየኝ፣ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ለማያውቀው ባለሱቅ ወርውሮ፣ ያቺን የሚሳሳላትን በር እንደተከፈተች ትቷት ከፊቴ ቆመ።

መጀመሪያ እንደ ጨዋ ነጋዴ፣ እባካችሁ አሳልፉን፣ ነፍሰ ጡር ናት እያለ ለመነ። በዚያ ጫጫታ ማን ይስማው። ዞሮ ፊቴን አየ፣ ላብ አጥምቆኛል። ያኔ ጀርባው ላይ ምንም ሳይኖር ጎንበስ አለ።

«ሸክም ነው! መንገድ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከባሌ ወጥቶ አያውቅም። ከሆዱ ነው የመጣው። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ሳያይ ተከፈተ። ዞር ብለው ጆንያ ያጡ ሰዎች እኔን ሲያዩ ደግሞ ሌላውን ገፋ ገፋ እያደረጉ መንገዱን አሰፉልኝ። ከፊት ያለ አንድ ኩሊ ጩኸቱን ተቀበለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ከእሱ ተቀበለው፣ እኛ ሳንደርስ መንገዱ ይጠብቀን ጀመር። ሰባተኛ ሰፈርን ልንወጣ ስንል ጆንያ የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ባሌን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ! ዛሬስ ምን ጭነህ ነው?» አሉት።

«ሚስቴን፣ ጋሼ» አላቸው ሳይቆም።

ሽማግሌው ከነጆንያቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉን። ኩሊ መንገድ ሲለቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታክሲ አገኘን፣ ሐኪም ቤትም በጊዜ ደረስን። ማምሻውን ሴት ልጅ ወለድኩ። ድምፅዋን ስሰማ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ እትዬ በር ላይ እልል አሉ። ባለቤቴ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ኩሊ ነበርክ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ለዓመታት እዚያው ሰባተኛ ይሸከም እንደነበር፣ ቤተሰቦቼ ልጃቸውን ለኩሊ አይሰጡም ብሎ ፈርቶ «ባጎቴ ሱቅ ነው ያደግሁት» እንዳላቸው ነገረኝ። ኩሊዎች ሲያልፉ ፊቱን የሚያዞረውም አንዱ አውቆት በስሙ እንዳይጠራው ነበር። አይ ሞኝ! እኔ እኮ ኩሊ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን በንቀት አልጠረጥረውም ነበር። እንደዚያን ዕለት ወድጄው አላውቅም፣ ነገርኩትም።

«ስንቱን ተሸክሜያለሁ» አለኝ። «እንደ ዛሬው ግን ከብዶኝ አያውቅም።»

«አንተ ደግሞ ምን ተሸከምክ? የተሸከምኩትስ እኔ ነኝ» አልኩትና ልጅቱን ሰጠሁት። «በል እንካ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።