ዋስ ያጣው ፊልም

ረመዳን ሂንዲ ያውቃል ወይ? ብትሉኝ መልስ የለኝም። ቆቦ ገበያ ዳር ባለችው ቪዲዮ ቤቱ ማይክ ይዞ የህንድ ፊልም በአማርኛ ሲተረጉም ጸጉሩ ሸብቷል። የፊልሙ ሰው አንድ ቃል ከተነፈሰ ረመዳን ሦስት ዓረፍተ ነገር ያወርዳል። ሁሉም ስልክ በያዘበት ዘመን እንኳ ገበሬው ከሮቢትና ከጎብዬ የሚመጣው የሱን አፍ ሊሰማ ነው።

ዘንድሮ ማሽላው እንደ ታጨደ የአንድ ስመ ጥር ተዋናይ አዲስ ፊልም ደረሰ። ፍቅርም ድብድብም አለበት ተባለ። ረመዳን ገና ሳያየው በባጃጅ እየዞረ ለፈፈ። አልበቃ ብሎት፣ ደም በማድረቅ፣ ማለትም ገዳይንና የሟችን ወገን በማስታረቅ በታወቁት በአባ አራጌ ፊት፣ "ወላሂ ይኸ ፊልም ካላረካችሁ ሁለተኛ ማይክ አልይዝም" ብሎ ማለ። በራያ ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም። ረመዳን ደግሞ ከማይክ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ቤቱ ሞላ። ተዋናዩ ቦርጭ አውጥቶ ብቅ አለ። ልጅቱን በበረዶ ላይ ሲያባርር ደክሞት ቁጭ አለ።

"ረመዳን፣ ሰውየው ታሟል እንዴ?" አለ የግመል ነጋዴው ታሂር።

"ፍቅር ይዞት ነው" አለ ረመዳን በማይኩ።

"የኔም ግመል እንዲህ ሲያደርገው ነው የሸጥኩት።"

መጨረሻ ላይ ጀግናው የወንድሙን ገዳይ ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘው። ሁሉም ድብድብ ሲጠብቅ ሁለቱ አልቅሰው ተቃቀፉ። ጉርምርምታ ተነሣ። ረመዳን ቶሎ ብሎ፣ "ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ ደሙ ደረቀ" ብሎ ተረጎመ።

አባ አራጌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ዋሱ የታለ?"

"የማን ዋስ አባቴ?"

"የገዳዩ ነዋ። ያለ ዋስ እርቅ አለ? ነገ ቢክድስ?"

ከዚያ ወዲያ ተዋናዩን ያስታወሰው የለም። ግማሹ እርቁ ፈርሷል ሲል፣ ግማሹ ዋሱ ውጭ ቆሞ ይሆናል እያለ ይከራከር ጀመር።

"ያ ቦርጫም ለራሱም ዋስ ያሻዋል" አለ ታሂር።

አባ አራጌ ፈረዱ። "ፊልሙ ከንቱ ነው። የጀመርከው እርቅ እስኪያልቅ ግን በመሐላህ አንይዝህም፤ ማይኩ በእጅህ ይቆይ። ነገ ዋሱን ይዘህ ጠብቀን።"

ሰዉ ሲበተን ረመዳን በሩን ዘግቶ ፊልሙን እንደገና ከፈተ። ዋስ የሚመስል ሰው ፍለጋ እያቆመ እያስኬደ አየው። በመጨረሻ ከተቃቀፉት ሰዎች ጀርባ ትሪ ይዞ ውልብ የሚል አንድ ጺማም አስተናጋጅ አገኘ። "ዋሱ ይኸ ነው፤ የገዳዩ አጎት" አለ ለብቻው። የሱብሂ አዛን ሲያበቃ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተኛ።